የአንደሽ ባል ያውቀናል

ኩባንያዎች ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ለሚኖሩ ሠራተኞቻቸው መመሪያ የሚያወጡት ለምን ይመስላችኋል? ለመልካም ስም? የሌላውን እንጃ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሺስታ በሚባል ሰፈር ያለው የኛ ቢሮ አለቃ ግን ፈርቶ ነው ያወጣው። ድሮማ «የቤት ጉዳይ ቢሮ አይገባም» ባይ ነበር።

ባልደረባችን አንደሽ አሥራ አንድ ዓመት አብሮን ሲሠራ ስለ ቤቱ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ድንገት ሞተ። ዕቃውን ሊወስድ አንድ ሽበታም ሰው መጣ።

«ባሉ ነኝ» አለን።

ክው አልን። እሱ ግን ሁላችንንም በየስማችን እየጠራ ጨበጠን። እኔ ጋ ሲደርስ፣ «አልማዝ፣ የልጅሽ አስም ተሻለው?» አለኝ። ስንት ዓመት አውቆናል፤ እኛ መኖሩንም አናውቅም ነበር።

በሳምንቱ አለቃችን መመሪያውን አነበበልን። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ በፍርሃት አየን።

«ሌላስ… የማናውቀው ሰው አለ?»

ሁለት ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፉ።