ደማችንን ሰጥተናል

የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር፣ የትም ይሁን የት፣ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ያስቀምጣል፤ አንዱ የታመመ፣ ሌላው ስለታመመው የሚያወራ። የታመመው ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚያወራው ግን ንቁ ነው። ስም ሲጠራ «አቤት!» የሚለው እሱ ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ሲባል የሚመልሰውም እሱ ነው። መርፌ በውክልና የሚወጋ ቢሆን ኖሮ ያንንም ለማንም አይሰጥም ነበር።

የዚህ ወገን ንግሥት ክብርት እትዬ እኛ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የካርድ ክፍሉ ወረፋ ነው፤ ወረፋ ደግሞ ሥራ ስለሌለው ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። ክብርትነታቸው ዕድሜያቸውን በስልክ ማዞሪያ ቤት የፈጁ ጡረተኛ ናቸው። የአንዱን ጉዳይ ከአንዱ ጆሮ ሲያገናኙ ኖረው፣ የቱ የራሳቸው፣ የቱ የሰው እንደሆነ መለየቱን ከተዉት ቆይተዋል። ስለዚህ አብራቸው ስለምትኖረው ስለ ወንድማቸው ልጅ ሕመም ሲያወሩ «አሟታል» አይሉም። «አሞናል» ነው የሚሉት።

ልጅቷ ፀጉር ሠሪ ናት። አክስቲቱ የወሰዱትን ቃል ሁሉ ከሷ ድርሻ ላይ ቀንሰው ነው መሰል፣ እሷ የቀራት «ደህና ነኝ» የምትለዋ ብቻ ነች። ሕመሙ ሲጀምራት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። መቀስ ለመያዝ እጇን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ መጠበቅ ነበረባት። ከዚያ ድካሙ መጣ፤ እንቅልፍ የማያስለቅቀው፣ ይልቁንም ተኝታ ስትነሳ የሚብስባት ድካም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ከረመችና አንድ ቀን «የኔ እህት፣ እጅሽ ካልተፍታታ ወንበሩን ለሌላ መስጠቴ ነው» አለቻት።

መመርመር ግድ ሆነ። መመርመር ማለት ደግሞ ከእትዬ እኛ ጋር መሄድ ማለት ነው።

«ዕድሜ?» አለ የመጀመሪያው ክሊኒክ ሐኪም፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ሠላሳ ሁለት ሞልቶናል» አሉ ጡረተኛዋ።

ሐኪሙ ቀና አለ። ያን ቀን ቀና ያሰኘው ይህ ብቻ ነበር።

«ባለትዳር?»

«አላገባንም። ጠያቂ ጠፍቶ እንዳይመስልዎት ብቻ፤ እኛ ነን እንቢ ያልነው።»

«እትዬ፣ ኧረ ይተዉ» አለች ልጅቷ ወለሉን እያየች።

«ምን ዋሸሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

ከዚያ ላቦራቶሪ ተላኩ። ደም የሚቀዳው ልጅ «እጅጌ ይሰብሰብ» አለ፤ እትዬ እኛ ሰበሰቡ። ላስቲኩ ክንዳቸው ላይ ታስሮ፣ ጥጡ ቆዳቸውን አሽቶ፣ መርፌው ከማሸጊያው ወጥቶ ነው ልጅቷ «ይቅርታ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ» ያለችው። ክብርትነታቸው ተቀየሙ። «ያው የአንድ ቤት ደም አይደል?» አሉ። ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ግን ቅያሜው ለቋቸው ነበር፤ ለወረፋው በሙሉ «ደማችንን ሰጥተናል!» ብለው አወጁ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ አርበኛ በሚመስል ድምፅ።

የተሰጠው ደም ምን እንዳለ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። የመጀመሪያው ሐኪም «የደም ማነስ ነው» ብሎ እንክብል አዘዘ። ሁለተኛው «ሪህ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጨመረበት። ሁለቱም የየራሳቸውን ቁራጭ አዩ እንጂ ቁራጮቹን ልስፋ ያለ አልነበረም።

ሦስተኛው ክሊኒክ ስትደርስ ልጅቷ ከድካሟ የተነሳ ባሕሪዋን ለወጠች። ከአክስቷ ቀድማ አፏን ከፈተችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ጣቶቿን፣ ድካሙን፣ በአፏ ውስጥ የሚወጣውንና የሚጠፋውን ቁስል፣ ፀሐይ ሲነካት የሚቀላውን ጉንጯን፣ የሚረግፈውን ፀጉሯን። ሐኪሙ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ በትዕግሥት ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ሁሉም ቦታ ያመኛል የሚል ሰው የትም አያመውም። ጭንቀት ነው።»

«አልተጨነቅንም ነበር» አሉ እትዬ እኛ። «አሁን ግን ይኸው ጀመረን።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መናደድ ያስፈልጋል። ጭንቀት በሽታ አይደለም ያለ የለም፤ ያደክማል፣ ያሳምማል፣ ይገድላልም። ነገር ግን ሐኪም ያልገባውን ሁሉ ጠርጎ የሚጥልበት ጉድጓድ ሲሆን፣ ያኔ የበሽታ ስም መሆኑ ይቀርና የበር መዝጊያ ይሆናል። «አላወቅሁትም፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ልላክሽ» ማለት ምን ያህል ያስከፍላል? ለባለሙያው ምንም። ያለማለቱን ዋጋ ግን ያቺ በሽተኛ ትከፍለዋለች። ሰው ሕመሙን ተናግሮ አንዴ ከተሣቀበት ሁለተኛ አይናገርማ! ይህን የምታነቡ ሐኪሞች ካላችሁ ተቆጡ፤ መብታችሁ ነው። ስትጨርሱ ግን ቀና ብላችሁ እዩን።

ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲያ ተዘጋች። ጉንጯን በፓውደር፣ ራሷን በሻሽ ሸፈነች፤ ራሷ እየተመለጠች ያለች ፀጉር ሠሪ ማን ራሱን ይሰጣታል? ትራሷ ላይ ያደረውን ፀጉር ከሰው ቀድማ እየተነሳች ትለቅም ጀመር። ሌላም ነገር መጣ፤ እሱን እንኳን ለሰው ለራሷም አልነገረችው።

እትዬ እኛ ግን አልተዘጉም። በእግዚኦታም በጭቅጭቅም ብለው፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ካለች የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አወጡ። ዶክተሯ ገና ሳታያቸው ደም አስመረመረች። ውጤቱን ይዘው በሚሄዱበት ቀን ልጅቷ ታክሲ ውስጥ እንዲህ አለች፤

«እትዬ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ይቺም ጭንቀት ነው ካለችኝ ሁለተኛ ሐኪም ቤት አልረግጥም። ደክሞኛል።»

«ደክሞናል» አሉ እትዬ እኛ፣ በመስኮቱ እያዩ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ክብርትነታቸው ውጤቱን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የወረፋው መብት ነውና።

«ኤ ኤን ኤ፣ ፖዘቲቭ ይላል። ተመስገን! ፖዘቲቭ ጥሩ ማለት አይደል?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ አይደለም፣ እናቴ» አሉ ክንዳቸው በጀሶ የታሰረ ሰውዬ። «እዚህ ጥሩው ኔጌቲቭ ነው።»

«ኧረ ተገለባብጦ የለ እንዴ ጉዱ! ቀጥሎ ነጭ የደም ሴል፤ ወደ ታች ቀስት አለው።»

«ወርዷል ማለት ነው።»

«ይሄኛው ደግሞ ወደ ላይ።»

«እሱ ወጥቷል ማለት ነው።»

«እንግዲያው አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ይቻቻላል» ብለው እትዬ እኛ ደመደሙና ወረቀቱን አጣጠፉት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ገና ሰላምታው ሳያልቅ የነገሩ አካሄድ ገባት። «እናቴ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» አለች።

«እኛ ወጥተን ታዲያ ማን ይናገራል?» አሉ እትዬ እኛ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። ቢሆንም ወጡ።

ዶክተሯ ውጤቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይሄ ፖዘቲቭ ያለው ምርመራ፣ ሰውነት የገዛ ራሱን እያጠቃ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ብቻ! ምንም የሌለበት ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ግማሹን ነው የሚነግረኝ። ግማሹ አንቺ ጋ ነው። ንገሪኝ እስቲ።»

«ጠዋት ጠዋት ጣቴን ይይዘኛል» አለች ልጅቷ።

«ሌላስ?»

የሦስተኛው ሐኪም ፈገግታ ፊቷ ድቅን አለባት። «ሌላ የለም።»

«ፀሐይ ሲነካሽ ፊትሽ ይቀላል?»

«አይ።» ፓውደሩ አላጋለጣትም።

«አፍሽ ውስጥ ቁስል?»

«የለም።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አንስታ «ሌላ ነገር ከሌለሽ እንግዲህ ከሦስት ወር በኋላ...» ማለት ስትጀምር በሩ ተከፈተ።

«ይቅርታ፣ ዣንጥላችንን ረስተን ነው» አሉ እትዬ እኛ። ዣንጥላው የሳቸው ብቻ ነበር። አንስተው ሊወጡ ሲሉ የልጅቷን ፊት አዩ፤ ከዚያ የዶክተሯን ባዶ ወረቀት አዩ። «ስለ አረፋው ነገረችዎት?»

«የምን አረፋ?»

«እትዬ!»

«ሽንታችን ነዋ! የሳሙና ውኃ ነው የሚመስለው፣ አረፋው አይጠፋም። ዓይናችን ሥር አብጦ ነው የምንነሳው። ጉንጫችን ይቀላል፣ በፓውደር ነው የምንሸፍነው። አፋችን ስለሚቆስል ሻይ እስኪበርድ ነው የምንጠብቀው። ፀጉራችንን ደግሞ በየጠዋቱ ከትራስ ላይ እንለቅማለን።»

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ከየት... ሽንቴን ከየት አዩት?»

«የመጸዳጃው ውኃ መውረድ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው? ባልዲ ይዞ የሚከተልሽ ማን ይመስልሻል?»

ዶክተሯ አልሣቀችም። የያዘችውን ወረቀት ገልብጣ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ለልጅቷ «ፓውደሩን ጥረጊልኝ እስቲ» አለቻት፤ እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ ልመና። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችው። ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና ከአንደኛው ጉንጭ በአፍንጫ ላይ አልፎ እስከ ሌላኛው የተዘረጋውን መቅላት አየችው።

ሽንቱ ዕለቱን ተመረመረ፤ ፕሮቲን እየፈሰሰበት ነበር። ሌላ ደም ተሰጠ፤ ከኩላሊቷም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሁሉ ሲሰበሰብ ዶክተሯ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ይህን ጊዜ ማንንም ውጭ አላስጠበቀችም።

«ሉፐስ ይባላል። የሰውነትሽ መከላከያ የራሱን ከባዕድ መለየት አቅቶት የገዛ አካሉን ነው የሚወጋው። ኩላሊትሽን ነክቶታል፤ ግን ገና ጅምሩ ነው፣ በመድኃኒት ይያዛል። ሦስት ወር ብንጠብቅ ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር። በጊዜ ነው የደረሳችሁት።»

ደረሳችሁት አለች። በእትዬ እኛ «እኛ» ሐኪሟም ተለክፋለች።

«እኛ ለገዛ አካላችን ምን በደልነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ እኛ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ ነበር። ልጅቷ ወደ ጎን አየቻቸው። የራስን ከባዕድ መለየት የተሳነው ሰውነቷ ብቻ አልነበረም፤ ዣንጥላቸውን ሁለት እጃቸው ውስጥ ጨምድደው የተቀመጡት ሴትዮም አይችሉበትም። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ በሽታውን ስትሰማ አይደለም።

የቀረው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ እንክብል፣ ቀጠሮ፣ ደም፣ እንክብል። ፊቷ በመድኃኒቱ አበጠ፣ ከዚያ ጎደለ። ሙቅ ውኃው ቀረ። የፀጉር ቤቱ ባለቤትም ወንበሩን ለሌላ አልሰጠችም፤ እትዬ እኛ ሄደው «ታመን ነበር፣ እየተሻለን ነው» ስላሏት ማን እንደታመመ ግራ ገብቷት ይሆናል።

በቅርቡ ለክትትል ሲሄዱ አንዲት አዲስ ነርስ የሙቀት መለኪያ ይዛ መጣችና «አፍ ይከፈት» አለች። እትዬ እኛ ከፈቱ። መለኪያው ምላሳቸው ሥር ገብቶ፣ «እንዳይናገሩ!» ተብለው፣ ክብርትነታቸው እንደ ታሸገ ፖስታ ቁጭ አሉ።

ዶክተሯ ገባች። «እህስ፣ እንዴት ነሽ?»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ጠበቀች። የሚመልስ የለም። ወደ አክስቷ ዞረች፤ አክስቷ በዓይናቸው ወደ ዶክተሯ ጠቆሟት። ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

«ደህና ነን» አለች። «ጣታችን ተፍታቷል። ግን ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ አተኩሶናል፤ አፋችንም እንደገና ቆስሏል። ፈርተን ነው ሳንናገር የቆየነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። እትዬ እኛ ደግሞ መለኪያውን ከአፋቸው መዘዙ።

«እኛ? እነማን ናቸው እኛ?» አሉ፣ በቁጣ ቀልተው። «ዶክተር፣ እኔን ምንም አላተኮሰኝም! አፌም ደህና ነው! ይቺ ልጅ ምን ነካት? የታመመችው እሷ፣ እኔን ምን ቤት ነኝ ብላ ነው የምትጨምረኝ?»

ነርሷ ሣቀች። ልጅቷም ሣቀች፤ የቆሰለ አፏን በእጇ ይዛ። እትዬ እኛ ተነሱ፣ ዣንጥላቸውን አነሱ፣ የልጅቷን ቦርሳ ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ።

«ምን ያሥቅሻል? ይልቅ ተነሽ» አሉ። «ፋርማሲው ሳይዘጋ መድኃኒታችንን እንውሰድ።»