የንባብ አዳራሹ ኮማንደር

ዕቃ አንስቶ ስለ ሌባ የሚያስተምር ሰው የሌለበት ዩኒቨርሲቲ የለም። አለ የሚል ካለ ገና ዕቃው አልተነሳበትም ማለት ነው። የእኛ ግቢ ይህን አገልግሎት የሚያገኘው ከክብርት ኮማንደር ነው።

ኮማንደር ፖሊስ አይደሉም። እንደኔው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናቸው፤ ላይብረሪ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ለማውረድ ወንበር ላይ ይወጣሉ፤ በዕድሜም ታናሼ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ አንቱታውም አብሮ መጣ።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስልኬን የንባብ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ስልኩ የለም። ኪሴን ዳበስኩ፣ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ፣ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፣ አጠገቤ የሚያጠናውን ምስኪን ልጅ በክፉ ዓይን አየሁት። ላቤ ጠብ ሲል፣ ከጥግ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«እኔ ሌባ ብሆን ኖሮስ?»

ስልኬ ኮማንደር ጭን ላይ ተቀምጧል። ደግሞ ወዲያው አይሰጡም፤ መጀመሪያ ትምህርቱ አለ። «ሌባ መልክ የለውም የኔ እህት። እንዳንቺው ደብተር ይዞ፣ መታወቂያ አንጠልጥሎ ነው የሚገባው። ደግሞ ትናንት ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ በዚያ ጨለማ አቋራጭ ስትሄጂ አይቼሻለሁ። ከኋላሽ ሰው ቢመጣ በምን ትሰሚዋለሽ?» ስልኩ እጄ ሲገባ ውሃ ጥሜ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

እኔስ ታድያለሁ። አንዱን የክፍላችንን ልጅ እንቅልፋሙ እንለዋለን፤ ቦርሳውን ተንተርሶ በተኛበት ኮማንደር ከራሱ ሥር ስበው መዝገበ ቃላት ተክተውበታል። ልጁ ልዩነቱ አልታወቀውም። የመምህራችንን የቢሮ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ ቢያገኙት ነቅለው ወሰዱት፤ ሰውየው ሲፈልግ አረፈደ። ሲመልሱለት ደግሞ «መምህር፣ የፈተና ወረቀት ያለበት ክፍል እኮ ነው!» ብለው ተቆጡት። ማርካችን ላይ እንዳይመጣብን ብለን ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ነን። የዶርማችንን በር አንኳኩተው «ማነው?» ሳንል ከከፈትን መልሰው ይዘጉና እንደገና ያንኳኳሉ።

አንዴ ተማርሬ ሌባው ይሻለኛል፣ ቢያንስ አይመክርም ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ገቢ ተማሪ ላፕቶፗን ትታ ስልክ ልታናግር ወጣች። ተመለሰች፣ አጣችው። የአዳራሹን ልማድ አታውቅምና ጠረጴዛ ሥር አልገባችም፤ በቀጥታ ጥበቃውን ጠርታ መጣች። ላፕቶፑ ከኮማንደር ሹራብ ሥር ተገኘ። ኮማንደርም እንደ ልማዳቸው፣ «እኔ ሌባ ብሆን ኖሮስ?» አሉ።

«ነሽ እንጂ!» አለ ጥበቃው፣ ክንዳቸውን ይዞ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በእኛ ግቢ በስርቆት የተያዘ ይባረራል፤ የምርቃት ጋዋኗን ደግሞ ለክታ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ እስከ ጥበቃ ቢሮ ተከተላት።

የጥበቃ ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነው። «ከእናንተ መሃል ይህች ልጅ ዕቃ የወሰደችበት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ልናድናት ቸኩለን ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

«ስልኬን ወስዳለች» አልኩ እኔ።

«የኔን ቦርሳ፣ ያውም ከራሴ ሥር» አለ እንቅልፋሙ።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እናንተ የመጣችሁት ልትመሰክሩላት ነው ወይስ ልትከሷት?»

«ትመልሳለች እኮ!» ብለን ጮህን። «ችግሩ ምክሩ ነው!»

ሰውየው እስክሪብቶውን አነሳ። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊጽፍ መሆኑ ገባን። ጥፋቱን አብስለን ያቀረብንለት እኛው ነበርን። ኮማንደር እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና አለች፤ አንድ በአንድ አየችን።

«ቆይ፣ ሁላችሁም መጥታችኋል?»

«አዎ!» አልናት፣ በኩራት።

«ዕቃችሁስ? ማን እየጠበቀው ነው?»

አንዳችንም ደብተር እንኳ አልያዝንም።

«ወይኔ፣ እናንተ ሰዎች!» አለችና ብድግ ብላ በሩን በርግዳ ሮጠች። የራሷ ቦርሳ ወንበሩ ላይ፣ መታወቂያዋ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጥበቃው ሊያባርራት ሲነሳ ኃላፊው በመስኮት እያየ አስቆመው።

«ተዋት። ሌባ ብትሆን ወደ ግቢው በር ነበር የምትሮጠው። ዕቃዋን ለእኛ ጥላ የሰው ዕቃ ልትጠብቅ ነው የሄደችው።»

እያለከለክን ስንደርስ የአዳራሹ በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ማንንም አታስገባም፣ ማንንም አታስወጣም። አንድ ነገር አልጎደለም። አዲሷ ተማሪ ክሷን ተወች፤ ኮማንደርም ሁለተኛ የሰው ዕቃ እንዳትነካ ተብላ በማስጠንቀቂያ ታለፈች።

ትናንት ምሳ ልበላ ስወጣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት። ሮጬ ተመለስኩ። ስልኬ ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም። ኮማንደር አጠገቡ ተቀምጣለች፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ ምሳዋን ሳትበላ።

«አልነካሁትም» አለችኝ። «ተከልክያለሁ።»

ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አንጀቴን በላችው። በቅርቡ እንመረቃለን፤ ከዚያ በኋላ ዕቃችንን ማን እንደሚያነሳልን እንጃ።

«እሺ፣ አንቺ ሌባ ብትሆኚ ኖሮስ?» አልኳት እኔው።

ፊቷ በራ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ እኔ ተጠጋችና ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ሰማኋት።