ረጅም ጎራዴና እርጥብ አህያ

ስልኩ ሲጠራ ጓሮ ሆኜ ቲማቲሞቼን በእንጨት እየደገፍኩ ነበር። የደወለችው የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። «አጎቴ ሳቬሪዮ፣ አዝናለሁ፤ ዶናቶ ስፓዳሉንጋ አሁን አረፈ» አለችኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «የትኛው?» አልኳት።

ክፋት አልነበረብኝም። በመንደራችን በፒዬትራሜላ ከሦስት ሰው ሁለቱ ስፓዳሉንጋ ይባላል። የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ ዶናቶ ስለሆነ ደግሞ ወንድ የወለደ ሁሉ ልጁን ዶናቶ ይለዋል። ያን ዕለት ጠዋት በሕይወት ያሉ አሥራ ሁለት ዶናቶ ስፓዳሉንጋዎች ነበሩን። ሰው ከሰው የሚለየው በቤተሰቡ ቅጽል ስም ነው፤ እሱም እንደ አሮጌ ካፖርት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «እርጥብ አህያ» አለችኝ።

የሚስቴ ወንድም ነበር። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ሠላሳ ዓመት ብቻውን ኖሯል። የሞተውም ደሙን ሊመረመር ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ይኸው ወር አለፈው፤ ድንጋይ ጠራቢው በየሳምንቱ እየደወለ «መቃብሩ ላይ ምን ብዬ ልቅረጽ?» ይለኛል። የሰባ አራት ዓመት ሰው ስም ይህን ያህል ለምን እንዳስቸገረኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በዚህ አገር የቤተሰቡን ስም ምንጭ ሲያጣራ የሚውል ጡረተኛ የሌለው መንደር የለም። ደወል የሌለው ቤተ ክርስቲያን አይቻለሁ፤ ወንድ ልጅ ያልቀረበት መንደርም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጡረተኛ የሌለበት ግን አላየሁም። ታውቁታላችሁ። በብብቱ የካርቶን ማኅደር ሸጉጧል። «እንደምን አደርክ?» ስትሉት «የእናትህ እናት የማን ልጅ ነበረች?» ብሎ ይመልሳል። ለለቅሶ መጥቶ የሟቹን አፍንጫ ያጠናል።

የኛው ክቡር ዶናቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስተኛ ነበር። ፖስታ ላይ ቅጽል ስም አይጻፍም። አሥራ ሁለቱም በአንድ ስም ደብዳቤ ሲመጣላቸው እሱ ፖስታውን ገልበጥ፣ ጠጋ አድርጎ አሽተት ያደርግና «ይህ የግብር ነው፤ የሦስት ኮፍያ። ይህ ከሴት ነው፤ የቆራጣ ሻማ» ይላል። አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የመንደሩን ቅጽል ስም ሁሉ እንደ ጸሎት በቃሉ የያዘው ሰው የራሱን ግን መስማት አይችልም ነበር።

«ስሜ ስፓዳሉንጋ ነው» ይል ነበር፤ «ረጅም ጎራዴ ማለት ነው። ረጅም ጎራዴ የያዘ ሰው አህያ ላይ አይቀመጥም።»

መንደሩ ግን ሌላ ያወራል። የዶናቶ ቅድመ አያት በበዓል ቀን ጠጥቶ፣ ከነአህያው አደባባዩ ላይ ካለው የውሃ ገንዳ ገብቷል ይባላል። ዶናቶ ይህን ሲሰማ ጆሮው እስኪቀላ ይናደድና «ሰነድ አምጡ! እኔ የማምነው ሰነድ ሲናገር ነው!» ይላል።

እሱ እንደሚለው፣ የስፓዳሉንጋ ዘር ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ከሰሜን በመርከብ ከመጣ ኖርማን ባላባት ይጀምራል። ማስረጃው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል። ሁለተኛ፣ በርበሬ አይበላም። «በርበሬ የኖርማን ሆድ አይቀበለውም» ይል ነበር። ባለቤቴ ፊሎሜና በርበሬዋን በገመድ ሰክታ በሱ መስኮት ሥር ባለው ሰገነት ላይ ስትሰቅል፣ ገመዱ በየሳምንቱ ከላይ ወደ ታች ባዶውን ይቀር ነበር። የትኛውም ወፍ እንዲህ በተራ አይበላም።

በባሕሩ ዳርቻ ባለ ገበያ ለማንኛውም ቤተሰብ አርማ ከሚሸጥ ሰው ጎራዴ የተሳለበት አርማ ገዛና ከጋራዡ በር በላይ ሰቀለው። ከአርማው በታች የምትቆመው ባለ ሦስት እግሯ የጭነት መኪናው ነበረች። የጎረቤታችንን ልጅ ስንድር ደግሞ፣ ቄሱ «ይህን ጋብቻ የሚቃወም ካለ» ሳይሉ እሱ ተነሥቶ ማኅደሩን ገለጠና ሙሽሮቹ በአራተኛ ቤት እንደሚዛመዱ አነበበ። አልተቃወመም፤ ደስ ብሎት ነው። የሙሽሪት እናት እስከ ዛሬ አታናግረንም።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው፣ ሌሎቹን ስፓዳሉንጋዎች «ተለጣፊዎች» ማለቱ ነው። የባላባቱ እውነተኛ ዘር እሱ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ስሙን እግረ መንገዳቸውን ያነሡ ናቸው። የተለጣፊዎች አለቃ ደግሞ ሥጋ ሻጩ ዶናቶ ስፓዳሉንጋ፣ በቅጽል ስሙ ቀዝቃዛ ሾርባ ነበር። የዕድሜ እኩዮች ናቸው፤ በአንድ ዓመት ተወልደው በአንድ ቀን ተጠመቁ። ዶናቶ ከእሱ ሥጋ ላለመግዛት በዚያች ባለ ሦስት እግር መኪና እስከ ጎረቤት ከተማ ይሄድ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በፖስታ ትንንሽ ብልቃጦች አስመጣ። ምራቅህን ተፍተህ ትልካለህ፤ ላቦራቶሪው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ምልክት አይቶ ዘርህን ይነግርሃል። ከመትፋት በፊት ግማሽ ሰዓት አትብሉ ይላል መመሪያው። እሱ ለጥንቃቄ ሁለት ቀን ጾመ። ከዚያ ብልቃጦቹን ይዞ ወደ መጠጥ ቤቱ ወረደ።

ቀዝቃዛ ሾርባ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንተ እርጥብ አህያ፣ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ተለጣፊነትህን የሚያሳይ ብልቃጥ።»

«እሺ፣ አምጣው። አንድ ዘር ነን ካለ ግን፣ በቅዱስ ዶናቶ ቀን እኔ ቤት ትመጣለህ፤ ሰው ሁሉ እያየህ አንድ ሳህን በርበሬ ትበላለህ።»

«አይደለንም ካለስ?»

«አይደለንም ካለ አንድ ዓመት ሙሉ በአደባባይ ባየሁህ ቁጥር ኮፍያዬን አነሣልሃለሁ። "ክቡር ባላባት፣ እንደምን ዋሉ" እልሃለሁ።»

መጠጥ ቤቱ አጨበጨበ። አሥራ ሁለቱም ዶናቶዎች በየብልቃጣቸው ተፉ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት «ዛሬ የሚውጥ ሰው ጠፋ!» ብሎ ተማረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንግዳ ነገር ነው። ምንም አልሆነም። ውጤቱን ሲጠይቁት «ሰነፎች ናቸው፤ ገና አልላኩም» ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፖስታ ቤት የሠራ ሰው አንድ ደብዳቤ ሦስት ዓመት ሲዘገይ ዝም አለ። ስለ ባላባቱ ማውራት ተወ። አርማውን ከጋራዡ አወረደ፤ «ዝገት በላው» አለን። በየቅዳሜው ጠዋት ደግሞ ማኅደሩን ይዞ ከቀዝቃዛ ሾርባ ሱቅ ይገባና ሩብ ኪሎ ሥጋ ይገዛል፤ ጥቂት ቆሞ አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ያመነታና ይወጣል። እኛ እርጅና ነው ያበረደው አልን።

ሲሞት መሳቢያው ውስጥ የተፈረመች ወረቀት ተገኘች። «በሞት ማስታወቂያዬ ላይ ቅጽል ስም እንዳይጻፍ» ትላለች።

እዚህ ሰው ሲሞት ማስታወቂያው ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ከስሙ ሥር ቅጽል ስሙ በትልቁ ይጻፋል። አታሚዋ እማሆይ የሚመስሉ ሴት ናቸው፤ ኢማኮላታ ይባላሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፊሎሜና፣ ልጄ፣ ያለ ቅጽል ስም ምን ላትም? ማን እንደሞተ ሳይታወቅ ማን ያለቅሳል?»

«የወንድሜ ቃል ነው፣ እትዬ። ቃሉን አልሽርም።»

«እንግዲህ እኔ የለሁበትም» አሉና አተሙት። «ዶናቶ ስፓዳሉንጋ፣ በሰባ አራት ዓመቱ።» ሌላ ቃል የለም።

መንደሩ አነበበና ተማከረ። እርጥብ አህያ ቢሆን ይጻፍ ነበር፤ ስለዚህ ሰባ አራት ዓመት የሆነው ሌላው ነው አሉ። እዚህ ኀዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ምግብ የሚያመጣው ጎረቤት ነው። በማግሥቱ ጠዋት መንደሩ ድስቱን ተሸክሞ ወደ ቀዝቃዛ ሾርባ ቤት ተመመ። ሚስቱ ወደ ልጇ ከተማ ሄዳ ነበርና በሩን የከፈተው ራሱ ነው። የመጀመሪያዋ አሮጊት ድስቷን ለቀቀች። ሁለተኛዋ አማተበች፤ ድስቷን ግን አልለቀቀችም። የቀሩት «ማስታወቂያው ተሳስቶ ከቤቱ ሌላ ሰው ሞቶ ይሆናል» ተባብለው እያለቀሱ ድስታቸውን አስረከቡት።

ቀዝቃዛ ሾርባ ማስታወቂያውን አላየም። ዘጠኝ ድስት ተቀብሎ፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚያለቅሱ ሳይገባው፣ ተቀምጦ በላ። ኋላ እንደነገረኝ «ሞቴ እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሃምሳ ዓመቴ ላይ እጀምረው ነበር።»

እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን። ከሣጥኑ ኋላ የተቀመጥነው ሰባት ሰዎች ብቻ፤ ከኛ አንዱ ደወል ደዋዩ ነው። ፊሎሜና ወደ በሩ ደጋግማ ትዞራለች። «አንድም ሰው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለሁሉም ደብዳቤ አድርሷል እኮ፣ ሳቬሪዮ። ለሁሉም።»

በሩ ተከፈተና ቀዝቃዛ ሾርባ፣ ደወሉን ሰምቶ ከማዕድ እንደተነሣ፣ አንገቱ ላይ የገበታ ጨርቅ እንደታሰረ ገባ። ሣጥኑን አየ። እኔን አየ። «እሱ ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ዞሮ ወጣ።

ሥጋ ላይ ዋጋ የሚጽፍበትን ወፍራም እርሳስ ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ሮጠ። በሰባ አራት ዓመቱ፣ ዘጠኝ ድስት በሆዱ ይዞ። በያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ «እርጥብ አህያ!» ብሎ ጻፈ፤ ጽፎም ጮኸ። ቄሱ ወንጌሉን ሳይጨርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ፤ ደጁም ሞላ። ሁሉም ያለቅሳል፤ ለቀዝቃዛ ሾርባ የሰጠውን ድስት አስመልሶ ያመጣም ነበር። ቀዝቃዛ ሾርባ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ፊሎሜና ቃል ስለተሻረባት ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ከሳቁም ወደ ልቅሶ ሄደ።

ማኅደሩን የከፈትነው በሳምንቱ ነው።

ውጤቱ ከመጣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። አሥራ አንዱ ዶናቶዎች የአንድ አባት ዘር ናቸው፤ ሁሉም፣ ያለ ጥርጥር። አሥራ ሁለተኛው ከነሱ ጋር ምንም የለውም። በአባት በኩል የቅርብ ዘመዱ በግሪክ አገር የሚኖር ጡረተኛ የትራም ነጂ ነው። የኛ ባላባት ውርርዱን አሸንፎ ነበር፤ ደሙ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ተለጣፊው እሱ ነበር።

ከሥሩ ከአውራጃው መዝገብ ቤት የተገለበጠ ወረቀት አለ፤ የ1811 ነው። በኅዳር ወር፣ በዝናብ፣ አንድ ሥጋ ሻጭ አደባባዩ ላይ የታሰረ ባለቤት የሌለው አህያ አገኘ። አህያው በስብሷል። በጀርባው ላይ ካለው ቅርጫት ውስጥ ወንድ ሕፃን ነበር። መዝገብ ያዡ ለተጣሉ ልጆች የሚሰጠውን ስም ሊጽፍ ሲል ሥጋ ሻጩ «የኔን ጻፉለት» አለ። ሥጋ ሻጩ ዶናቶ ስፓዳሉንጋ ይባላል። መዝገብ ያዡ እንዳያደናግረው በጎኑ «ቀዝቃዛ ሾርባ» ብሎ ጽፏል።

ገንዳ ውስጥ የገባ ሰካራም የለም። «እርጥብ አህያ» የሚለው ቅጽል ስም ብቻ ነው የቤተሰባቸው የራሱ የሆነው። ሌላው ስጦታ ነበር።

ፊሎሜና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። መነጽሯን አጥፋ አስቀመጠችና በወንድሟ ድምፅ «ሰነድ ሲናገር» አለች። ከዚያ በርበሬ ልታወርድ ወደ ሰገነት ወጣች፤ ገመዱ ሙሉ ስለነበረ ሳታወርድ ተመለሰች።

ቅጽል ስሜ እንዳይጻፍ ያለባት ወረቀት ከብልቃጦቹ በፊት የተፈረመች ናት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር አልጻፈም። የመዝገቡ ቅጂ ጀርባ ላይ ግን በእርሳስ «ቅዳሜ፣ ለዶናቶ መንገር» ይላል፤ ቀኑም አለ። ቀኑ ተሰርዞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ተጽፏል። እሱም ተሰርዟል። እንዲህ እያለ ገጹ ሞልቶ ወደ ሌላ ወረቀት ይሄዳል። ያልተሰረዘው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ከሞተ በሦስተኛው ቀን ይውል ነበር።

ባለፉት አራት ቅዳሜዎች ሥጋ ሻጩ ዶናቶ ዘንድ ሄጃለሁ። ሩብ ኪሎ ገዝቼ ጥቂት እቆምና እወጣለሁ። ነገም ቅዳሜ ነው። ድንጋዩ ላይ እስካሁን ምንም አልተቀረጸም፤ ለዶናቶም ገና አልነገርኩትም።