ተዋጊ ጄቱን ከበረራ ያገዱት ክቡር መርማሪ

ማንም ሳይሾመው የተሾመ መርማሪ የሌለበት ቤተሰብ ካለ አድራሻውን ስጡኝና ጓዜን ጠቅልዬ እዚያ ልግባ። እናንተ ዕቃ ገዝታችሁ፣ ወዳችሁ፣ ቤት አስገብታችሁ ደስ ብሏችሁ ሳለ፣ መርማሪው ይመጣል። ያገላብጠዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ያሸተዋል። ከዚያ "እህ" ይላል። ያቺ "እህ" ከወጣች በኋላ ዕቃው በዓይናችሁ አይሞላም።

የኛው ክቡር መርማሪ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ልጄም እኔም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። እርግጥ የወጡት ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከሥራው አይደለም። አውሮፕላኑን ሲያጡ እኛን ያዙ። "እስቲ ወዲህ በለው" ካሉ አበቃ፤ ዕቃው ያንተ መሆኑ ቀረ።

ማቀዝቀዣ የገዛን ጊዜ፣ በሩ ሲዘጋ መብራቱ መጥፋቱን ካላረጋገጥኩ ብለው ስልካቸውን ቪዲዮ ላይ አድርገው ከቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጡና ዘጉበት። በመሃል ሰው ደወለላቸው፤ ማቀዝቀዣው እየዘፈነ ቤቱን አመሰው። አዲሱን አልጋ ደግሞ ክብደት መቻሉን ልሞክር ብለው ጋደም አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንኮራፍተው ሲነሡ፣ ምርመራው ገና አላለቀም አሉን። እኔ ራሴ ለጋብቻ የቀረብኩ ዕለት ዙሪያዬን አይተው የሰጡት ቃል እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይጠቀሳል፦ "አካሉ ደህና ነው። ሰዓት አክባሪነቱ ግን በአገልግሎት ላይ ይታያል።"

ታየ። ባለፈው ረቡዕ የስምንት ዓመት ልጄ በትምህርት ቤታቸው ተውኔት ላይ ዛፍ ሆና ነበር። ዛፍ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት፤ ወሩን ሙሉ ሳሎን መሃል እጇን ዘርግታ ስትለማመድ ከርማለች። እመጣለሁ ብዬ ምዬ ተገዝቼ፣ ስብሰባ ያዘኝና ቀረሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጋችኝ። ገበታ ላይ ጨው እንኳ ስትፈልግ የምታስጠይቀኝ በእናቷ በኩል ነው።

እንግዲህ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ አባት ወደ መጫወቻ መደብር ሮጥኩ። ቆሞ ሲታይ ሮቦት፣ ሲያጣጥፉት ተዋጊ ጄት የሚሆን ገዛሁላት፤ መፍታትና መግጠም ነፍሷ ነው። ዕቅዴ ቅዳሜ ጠዋት ሰጥቻት፣ ታርቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ስብሰባ መሄድ ነበር። አዎ፣ ሌላ ስብሰባ። እንዲህ አትዩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ገበያ እንደወጣች፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ክቡርነታቸው ከተፍ አሉ።

"እስቲ ወዲህ በለው።"

የመመሪያውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። በአሥራ ስምንት እርምጃ ይለወጣል ይላል፤ አንዷንም ሳይዘሉ ለወጡት። ከዚያ ጄቱን ፊታቸው አስቀምጠው ዙሪያውን አዩት። ልጄ ከክፍሏ በር ላይ አንገቷን አሰገገች።

"እህ" አሉ።

የግራ ክንፉ ሁለት ሚሊሜትር ዘንበል ብሏል፤ በማስመሪያ ለኩት። የፊት ጎማው ለታይታ ነው እንጂ አይሽከረከርም። ሮቦቱ የታጠቀው ጠመንጃ፣ ጄት ሲሆን ማስቀመጫ የለውም፤ አብራሪው ጭኑ ላይ አድርጎት ሊበር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል። ከሁሉ የከፋው ግን ጭንቅላቱ ነው፤ ሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሲያርፍ አስፋልቱን በግንባሩ ሊጠርገው ነው አሉ በሐዘን። አሻንጉሊት መሆኑን፣ የሚያርፈውም ምንጣፍ ላይ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። ምንጣፍ ላይ ያልተጠነቀቀ ሰማይ ላይ አይጠነቀቅም ብለው አፌን አስያዙኝ። ጄቱ ከበረራ ታገደ። እርቄም አብሮት ታገደ።

ልጄ ግን መጥታ ከጎናቸው ቁጭ አለች። ክንፉ ለምን ዘነበለ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ደግሞ ለጥያቄ በቃል መልስ መስጠት አይወዱም፤ ፈትተው ነው የሚያሳዩት። ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ ሰባት ትናንሽ ካቻቪቴዎች አወጡና ፎጣ ላይ ደርድረው ከልጄ ጋር ድምፅ አውጥተው ቆጠሩ። ፈቱት፣ ክንፉን አቀኑት፣ መልሰው ገጠሙት። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እኔ ጃኬቴን ለብሼ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ካቻቪቴዎቹን እንደገና ቆጠሩ። ስድስት።

"ማንም አይወጣም" አሉ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በሳቸው ሙያ ሥራ ሲጀመርም ሲያልቅም መሣሪያ ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑም አይነሣ፣ ሠራተኛውም አይወጣ፣ አለቃም ቢሆን። ስብሰባ አለብኝ አልኳቸው። በሩን ቆለፉና ቁልፉን ሱሪ ኪሳቸው ከተቱት። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ መሣሪያ ያልጠፋባቸው ሰው፣ የኔ ሳሎን ውስጥ ስማቸው ሊጎድፍ ነው እንዴ?

ምን አደርጋለሁ፣ ጃኬቴን አውልቄ ተንበረከክኩ። ከሶፋው ሥር አንድ ጎዶሎ ካልሲ፣ የእስክሪብቶ ክዳንና የሁለት ዓመት አቧራ አገኘሁ። ልጄ በሌላው በኩል ትፈልጋለች። መጀመሪያ በጣቷ ብቻ ነበር የምታዘኝ። ኋላ ላይ "እግርህን አንሣ" አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ በደስታ ሁለቱንም እግሮቼን ላነሣ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ነፋስ ሆኖ የሠራው ልጅ ቃሉን ረስቶ እንዳለቀሰ ነገረችኝ። ዛፎቹ በመሃል እጃቸውን አውርደው እንዲያርፉ ተፈቅዶላቸው እንደነበርም ነገረችኝ። እሷ ግን አላወረደችም።

"ዘግይተህ ከመጣህ ቆሜ እንድታየኝ ብዬ ነው" አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። አቧራው ውስጥ እንደተኛሁ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በጄት ሳይሆን በአፌ። ተጠግታ አጠገቤ ተኛች።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ስብሰባው ግን ገና እንደማያልቅ አውቃለሁ። ጄቱ ይፈታና ሆዱ ይታይ፣ እኔም ልሂድ ልል አፌን ስከፍት፣ ልጄ እጇን አፌ ላይ አደረገችና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች።

"አባዬ፣ ካቻቪቴው የጋሼ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው። ቅድም ነው ያየሁት። እንዳትናገር። ከተገኘ ትሄዳለህ።"

ከሶፋው ሥር ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ቢጫው እጀታ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል። ክቡርነታቸው እያየኋቸው እንደሆነ ሲያውቁ፣ በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ገፉት።

"ፍለጋው ይቀጥል" አሉ።

እኚህን ሰው ከዛሬ ጀምሮ ማማት የሚፈቀደው ለኔ ብቻ ነው። ስልኬን አጥፍቼ ሶፋው ሥር ተመልሼ ገባሁ።