የአርባ ስንኙ መልእክተኛ

ሌላውን «ትርፉን ቁረጥ!» እያለ የራሱን ግጥም መቋጨት የሚያቅተው ገጣሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች ጋሼ ምስጋናው አሉልን፤ ገጣሚም የግጥም መምህርም ናቸው።

በጦርነቱ ስልክ ጠፍቶ፣ ወረቀት በየኬላው ሲፈተሽ፣ ወልድያ ያለችው እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም ነበር። ጋሼ በእኔ ስም አርባ ስንኝ ገጠሙና ተማሪያቸውን መካኒኩን ደሱን በቃሉ አስያዙት። ደሱም በእግሩ ሄደ።

ሲመለስ፣ «እናትህ እልልታውን አቀለጡት!» አለኝ።

«የቱ ስንኝ ላይ?» አሉ ጋሼ ተጣድፈው።

«ትርፉን ቁረጥ ይሉኝ የለ ጋሼ? ‹ልጅዎ ደህና ነው› ብቻ አልኳቸው።»

ጋሼ ተቆጡ? ኧረ ወዲያ! «የኔ ተማሪ!» ብለው አቀፉት። ለዚህ ለደሱ ድል መታሰቢያም ስለ ማሳጠር አንድ ግጥም ጀመሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።