ትንሽ ላስተካክላት ብቻ

በየትኛውም የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከሕፃን እጅ አካፋ ተቀብሎ የማይመልስ አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ቆሞ ያያል። ቀጥሎ አንገቱን ያዘነብላል። ከዚያ ይንበረከካል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ከተጠቀለለ ነገሩ አበቃ፤ ግንቡ የእሱ ነው፣ ልጁ ደግሞ ውኃ አመላላሽ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ አለ ሲባል እሰማለሁ። እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱን አጎቴ ፊርሚን ናቸው። ፊት ለፊት አንተ ነው የምንላቸው፤ በጽሑፍ ግን እንደ ማዕረጋቸው እሄዳለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሚስት አላገቡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከአሳንሰሩ ነው እንጂ ከመቆጣጠሩ አይደለም።

ክቡርነታቸው የማትለያቸው አንዲት ንግግር አለቻቸው፤ "ትንሽ ላስተካክለው ብቻ።" ይህችን ብለው የምግብ ቤት ጠረጴዛ አንስተዋል። የሚነቃነቀው እግር ሥር ወረቀት ሊያስገቡ ነበር፤ ሾርባችን ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይህችን ብለው የማያውቁትን ሰው የመኪና መስታወት መጥረጊያ አቃንተዋል። ባለቤቱ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። በአያቴ ቀብር ላይ ቄሱ እየጸለዩ ሳለ፣ የአበባ ጉንጉኑ ወደ ግራ ማዘንበሉን አይተው ከሰልፉ ወጡ። "ትንሽ ላስተካክለው ብቻ" አሉ ለቄሱ። ቄሱም ጠበቁ። ምን ያድርጉ?

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከእህቴ ከግሪት፣ ከባሏ ከዮሪስና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ለጥቂት ቀን ወደ ቤልጅም ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ኮክሳይደ እንወርዳለን። የምንከራየው ቤት "ባሕሩ የሚታይበት" ይባላል። በእርግጥም ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ቀኝ ለተጠማዘዘ ሰው ይታያል። አጎቴን የምንወስዳቸው ትልቅ መኪና ስላላቸው ነው ይላል ዮሪስ። እሳቸው በበኩላቸው የሚመጡት፣ ካለ እሳቸው የነፋስ መከለያችን ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ነው ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ጉዳዩ ሁሉ የኔለ ነበር።

ኔለ የእህቴ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። በእኛ ባሕር ዳርቻ ልጆች ከሽብሽብ ወረቀት አበባ ይሠሩና አሸዋ ከምረው፣ መደብ አበጅተው ይሸጣሉ። ክፍያው ዛጎል ነው። ባለሱቋ ይህን ያህል እፍኝ ትላለች፣ ገዢው ከባሕሩ ጠርዝ ለቅሞ ያመጣል። እናቴም በልጅነቷ ሸጣለች፣ እህቴም ሸጣለች። ኔለ አምና ለትልልቆቹ ልጆች ዛጎል አጣቢ ነበረች። ዘንድሮ የራሷን ሱቅ ልትከፍት ነው። ዝናባማውን ሚያዝያ ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከመቀስና ከሙጫ ጋር ስትታገል ከረመች። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ በእጇ የሠራችውን አበባ ሰው ወዶት እንዲገዛው።

"ቤተሰብ አይቆጠርም" ብላ አስቀድማ አስጠነቀቀችን። "ቤተሰብ የሚገዛው አዝኖ ነው።"

ስለ አበቦቹ እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ የባሰ አይቻለሁ። የት እንደሆነ ግን አላስታውስም። በተለይ አንዲት ሐምራዊ ነበረች፤ ቅጠሎቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል፣ ሌላው ወገን ራቁቱን ነው። አጎቴ ሻንጣ ሲጭኑ አዩዋት።

"ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?"

"ነፋስ እየነፈሰባት ነው" አለች ኔለ።

አጎቴ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ወደ ላይ ቀሰሩ። "ነፋስ የለም እኮ።"

"አበባዋ ላይ አለ።"

"እስቲ ትንሽ ላስተካ..."

"አጎት ፊርሚን!"

ኔለ የአበባ ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ከልላ ባሕሩ ድረስ ተጓዘች።

በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ከመረች፣ አበቦቿን ተከለች፣ ከኋላቸው ተቀመጠች። አጎቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩ። አንገታቸው ዘነበለ።

"አጎቴ፣ ጋዜጣህን አንብብ" አለች ግሪት።

"እያነበብኩ ነው" አሉ፣ እየተንበረከኩ።

መደቡ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ዕቃ የሚሸጠው በዓይን ትይዩ ሲሆን ነው። ከፍ ያለ መደብ ድጋፍ ይፈልጋል። ድጋፉ የውኃ መውረጃ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ የማናውቃቸው ሁለት አባቶች የልጆቻቸውን አካፋ ይዘው መጡና፣ ስም እንኳ ሳይለዋወጡ ሥራ ገቡ። የእነሱ ልጆች ራቅ ብለው በእጃቸው ይቆፍሩ ነበር። አመሻሹ ላይ ኔለ የምትገኘው ግንብ ውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚታየው የባርኔጣዋ ጫፍ ብቻ። ሰው እየመጣ ፎቶ አነሳ። አንዲት ሴትዮ "ውድድር ነው?" ብላ ጠየቀች። አበባ ይሸጥ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

"ማንም አያየኝም" የሚል ድምፅ ከግንቡ ውስጥ ተሰማ።

"ነገ በር እናወጣለታለን" አሉ አጎቴ።

ኔለ አበቦቿን ይዛ ከወጣች በኋላ ባሕሩ ሲሞላ የውኃ መውረጃው ያለ እንከን ሠራ። ብቻ ውኃውን የወሰደው ወደ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ዘነበ፤ ስለዚህ እንደ ሰው ሁሉ ወደ መዝናኛ ፓርኩ ሄድን። አጎቴ ዕቅድ ነበራቸው። "ሰው ሁሉ ከበሩ ይጀምራል፣ እዚያ ይሰለፋል። እኛ ከመጨረሻው እንጀምራለን።" ልጆቹን እየጎተትን እስከ ፓርኩ መጨረሻ ሄድን። እውነትም ሰልፍ አልነበረም። እዚያ ያለው ሁሉ የሚከፈተው ከምሳ በኋላ ነበር። ዮሪስ ከካፖርቱ ኪስ እርጥብ ዳቦ አውጥቶ በላ።

የሚበርሩ ዝይዎች የሚባለው መጫወቻ ጋ ስንደርስ፣ ልጆቹ ተራቸውን ሲጠብቁ አጎቴ ጆሯቸውን መሃሉ ላይ በቆመው ምሰሶ ላይ ለጠፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?" ብለው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ ጠየቁት።

"የቱ ድምፅ?"

"ይኸው፣ ይኸው! ሲር ሲር የሚለው።"

ከኋላችን የነበሩ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከሰልፉ አወጡ።

"ሙዚቃው ነው፣ ጌታዬ" አለ ልጁ።

የኔለ ታናሽ ወንድም ስታን ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ፓርክ ሁሉ የፈለገው የፕላስቲክ ዳክዬ በዘንግ ማጥመድ ብቻ ነበር። አጎቴ "ቆይ፣ ላሳይህ" አሉት። አሳዩት። ዘንጉን በትክክለኛው ማዕዘን ይዘው፣ በገንዳው ውስጥ ያለውን ዳክዬ ሁሉ ለቀሙ። ከራሳቸው የሚበልጥ የአሻንጉሊት ድብ ተሸለሙ። ስታን ባዶው ገንዳ ላይ ተደግፎ "ዳክዬዬ!" እያለ አለቀሰ። ወደ መኪናችን ስንመለስ ድቡ በአጎቴ ጀርባ፣ ስታን በዮሪስ ጀርባ ነበሩ። ከሁለቱ ደስተኛው ድቡ ይመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ምን እንደደረሰ ያወቅነው በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ከሁላችንም ቀድመው ተነሥተው ትኩስ ዳቦ ገዝተው ነበር። ኔለ እየተንጠራራች መጣች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ ቆመች።

አበቦቿ ሁሉ ቀጥ ብለዋል። ቅጠሎቻቸው እኩል ተከርክመዋል። ከፋብሪካ እንደወጡ አንድ ዓይነት ሆነዋል።

"አጎት ፊርሚን፣ ምን አደረግካቸው?"

"እናንተ እስክትነሡ ድረስ ብዬ..." አሉ አጎቴ። "ትንሽ ብቻ ነው..."

የተረፈችው ሐምራዊዋ ነበረች፤ ኔለ ትራሷ ሥር አድርጋት ነበር ያደረችው። ይህም ለአቋሟ አልጠቀማትም።

ኔለ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር። ሳጥኑን በጠረጴዛው ላይ እየገፋች አጎቴ ፊት አደረሰችው።

"እነዚህ የአንተ ናቸው። የአንተን አንተ ሽጥ።"

"እኔ? እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ።"

"እኔ የራሴን እሸጣለሁ።"

"ኔለ፣ አጎትሽ ሊረዳሽ ብሎ እኮ ነው" አለች ግሪት።

"አውቃለሁ" አለች ኔለ። "ሁልጊዜ ነው የሚረዳኝ።"

አጎቴ ሁለት ፎቅ መሃል እንደቆመ አሳንሰር ባሉበት ቀሩ።

ስለዚህ በዚያ ቀን አሸዋው ላይ ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ተከፈቱ። በአንደኛው አንዲት ልጅና አንዲት ሐምራዊ አበባ። በሁለተኛው ባለ ነጭ ጢም ጡረተኛ፣ ሳጥን ሙሉ አበባ ይዘው፣ እግራቸውን አጥፈው። አካፋ አልነኩም። መደባቸው ጎበጥ ያለ ነበር፤ እንደጎበጠ ተዉት። ችግሩ ግን አበቦቹ ያምሩ ነበር። ገዢ በገዢ ላይ ሆነ።

"የልጅ ልጆችዎ ናቸው የሠሩት?" አለቻቸው አንዲት ሴትዮ።

አጎቴ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ ኔለ አዩና ዘጉት። ከምሳ በፊት ሁሉም ተሸጦ አለቀ። ከፊታቸው በዛጎል የሞላ ባልዲ ቀረ። እንደዚያ ያለ ያዘነ ሀብታም አይቼ አላውቅም።

ከኔለ ሱቅ ፊት ሰው ይቆማል፣ "ምን ሆና ነው?" ይላል፣ "ነፋስ እየነፈሰባት ነው" ይባላል፣ "አሃ" ብሎ ይሄዳል። አንድ ሰውዬ "በግማሽ እፍኝ?" አላት። "ሁለት እፍኝ። ያልተሰበረ" አለችው። ሄደ። ግሪት ዋጋ እንድትቀንስ ለመነቻት፤ አልሰማችም። እኔም ኪሴን በዛጎል ሞልቼ፣ የዮሪስን መነጽር አድርጌ ቀረብኩ።

"ቤተሰብ ነህ" አለችኝ።

"ዛሬ አይደለሁም።"

"ሂድ።"

ዮሪስ የነፋስ መከለያውን ነቀለ። ፎጣዎቹ ተራገፉ። "ኔለ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ እንውጣ" አላት።

"ገና አልሸጥኩም።" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያን ጊዜ አጎቴ ተነሡ። ሱሪያቸውን አራገፉ፣ ባልዲያቸውን አነሡ፣ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

"ሱቁ ክፍት ነው?"

"ቤተሰብ አይገዛም አልኩ እኮ።" ከዚያ ግን ባዶ መደባቸውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ አሰበች። "አንተ ግን ዛሬ ቤተሰብ አይደለህም። ተፎካካሪዬ ነህ።"

"እሱስ እውነት ነው።"

"አዝነህ ነው የምትገዛው?"

አጎቴ ጎንበስ አሉ። አበባዋን አዩ። አንገታቸው መዘንበል ጀመረ። አበባዋ እስካዘነበለችበት ድረስ አዘነበሉና እዚያ ቆሙ።

"አይደለም" አሉ። "እኔ እንዲህ ያለች መሥራት አልችልም።"

ኔለ ፊታቸውን መረመረች።

"ሁለት እፍኝ ነው" አለች። "በአንተ እጅ።"

የአጎቴ እጅ ሰፊ ነው፤ ባልዲው ተራቆተ። ኔለ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣች አየች፣ የተሰነጠቁትን መለሰች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጣጠሩ የኖሩት ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁጥጥሩ እስኪያልቅ ጠበቁ። የጎደለውን ሊለቅሙ ሲሄዱ እስከ ጉልበታቸው ረጠቡ። መንገዱ ተጨናነቀ። ዮሪስ እንኳ አላጉረመረመም።

"አታስተካክላትም፣ አይደል?" አለች ኔለ አበባዋን ስትሰጣቸው።

"አላስተካክላትም።"

ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል ብል ውሸት ነው። ባለፈው ወር ሳልጠራቸው ቤቴ መጥተው የመጽሐፍ መደርደሪያዬን በመጽሐፎቹ ቁመት ልክ አሰለፉት። የአልጋዬን መብራትም ከቦታው ነቅለው ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። መደርደሪያውን መልሼ አተራምሼዋለሁ። መብራቱን ግን አልነካሁትም፤ አሁን ብርሃኑ የሚያርፈው ልክ ገጹ ላይ ነው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ከነገርኳቸው ጣሪያው ይቀጥላል።

ሰሞኑን በመኪናቸው ሸኙኝ። ሐምራዊዋ አበባ ከመሪው በላይ፣ መስታወቱ ሥር ተተክላለች። ቀለሟ ገርጥቷል። ቅጠሎቿ ይበልጥ ወደ ጎን ተኝተው ሊወድቁ ደርሰዋል። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

"እንዳትነካት!"

"ልትወድቅ እኮ ነው። ትንሽ ላስተካክላት ብቻ።"

"ምኗ ነው የሚስተካከለው?" አሉ አጎቴ ፊርሚን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። "አታይም? ነፋስ እየነፈሰባት ነው።"

መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ።