የአዳኝ ቦርሳ

የእኛ ሰው ለሥጋ ያለው ጥንቃቄ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ነው። በሬ ሊገዛ ሲወጣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጎኑን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ባለቤቱን ሳይቀር በጎሪጥ ይመረምራል። ቅርጫው ሲከፋፈል ደግሞ አንዲት ቁራጭ ጉበት ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እስክትዛወር ሦስት ሽማግሌ ይማከርባታል። ይህ ሁሉ ምርመራ ያለፈበትን ሥጋ በምን ይዞት እንደሚሄድ ትዝ የሚለው ግን እጣው ወጥቶ ድርሻውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ነው። ዞር ዞር ይልና ትናንት ሩዝ የነበረበትን ማዳበሪያ ያነሳል። (ማዳበሪያ የምላችሁ ከረጢቱን ነው። ማዳበሪያው ራሱ ማሳ ላይ ከተበተነ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ከረጢቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።) ማዳበሪያ ሆነ ፌስታል ሆነ፣ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

እኔም እንዲሁ እል ነበር። እስከ አምናው መስቀል ድረስ።

ታላቅ እህቴ ላቀች የምትኖረው ከወረታ በይፋግ መንገድ በመኪና ትንሽ ተሂዶ፣ ከዚያ ተወርዶ ወደ ፎገራ ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ተገብቶ በሚገኝ መንደር ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿም ርቀው አግብተዋል። አባታችን በሕይወት ሳለ በየዓመቱ የመስቀል ዕለት ከቅርጫው ጎድኑን ለይቶ ለእሷ ያደርስ ነበር። እሱ ሲሞት ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ሌላው ሰው ከአባቱ መሬት ሲወርስ እኔ ጎድን ማድረስ ወረስኩ። አምና ታዲያ ጎድኑን በፌስታል፣ ፌስታሉን በማዳበሪያ አድርጌ በዚያ በመስከረም ፀሐይ ተሸክሜው ሄድኩ። እትየ ላቀች ማዳበሪያውን እንደፈታች ፊቷን መለሰች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎድኑን ለውሻው ወረወረችለትና፣ «አባየ ቢሆን ኑሮ...» ብላ አቆመች። ዓመቱን ሙሉ ያቺን ያልተጨረሰች ንግግር እኔ ስጨርሳት ኖርኩ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ደግሞ በገበያተኛ መልእክት ሰደደችልኝ። «ለመስቀል አትድከም በሉት፤ እዚሁ ከጎረቤት ቅርጫ እገባለሁ።» ከሩቅ ለምታነቡት ይህ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። በእኛ አገር ግን ወንድም ያላት ሴት ከጎረቤት ቅርጫ ገባች ማለት ወንድሟን ቀበረችው ማለት ነው፤ ያውም ያለ ተዝካር። ስለዚህ ይህ ጎድን እንደ ምንም ብሎ ሳይሸት መድረስ ነበረበት። አንዲት እህት ናት ያለችኝ፤ እሷንም በሽታ ማጣት አልፈለግሁም። በሽታ ስላችሁ፣ የሥጋውን ሽታ ማለቴ ነው።

መያዣ ፍለጋ ጀመርኩ። የአባቴን አቆማዳ ከቆጥ ባወርደው አይጥ ቀድማኝ መስኮት አውጥታለታለች። የልጄ የተማሪ ቦርሳ ጠባብ ከመሆኑ በላይ፣ ጎድን እንደ ደብተር አይታጠፍም። ዘንቢል ብል ደግሞ አፉ ክፍት ነው፤ በሜዳው ላይ ለሚዞረው ጭላት ማዕድ አቅርቦ እንደ መጥራት ነው። በዚህ ሐሳብ ተይዤ ነው እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ወረታ ውስጥ ሰልባጅ የምትሸጠው እናና ዘንድ የደረስኩት።

ከካፖርቱ ክምር ሥር አንድ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። ሳብኩት። የጀርባ ቦርሳ ነው፤ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። በጀርባው በኩል ቀላል የብረት ማቀፊያ አለው፤ በብረቱና በከረጢቱ መካከል ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማሰሪያው ብዛቱ! ሙሉ በቅሎ ቢጭኑበት ይተርፋል። ካርቶን ወረቀት ተንጠልጥሎበታል፤ ወረቀቱ ላይ ስዕል አለ።

«እናና፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ደጋን መያዣ ነዋ! ስዕሉን አታየውም?»

እውነትም አንድ ጢማም ሰው ደጋን ይዞ ቆሟል። እኛ ዘንድ ደጋን ማለት ጥጥ መንደፊያ ነው፤ ክሩን ጥጡ ላይ እያነጠሩ ጥጡን ያፍታቱበታል። እናና የምታውቀውም፣ እኔ የማውቀውም፣ እናቶቻችን የሚያውቁትም ደጋን ይኸው ነው። የማይታወቅ ነገር ገበያ ላይ ሲታይ ደግሞ ሰው አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። ፊት ለፊት ጋቢ የሚሸጡት ሸማኔው አያ ፈንታ ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ከኋላቸው ሌሎችም ተከተሉ። አያ ፈንታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይህ ሰውየ ጥጥ የሚነድፈው ዱር ገብቶ ነው? ጥጡስ የታለ?»

እናና በስዕሉ ላይ ከዛፍ ጀርባ የቆመ ባለ ቀንድ እንስሳ በጣቷ አሳየች። «ይኸዋ በጉ! ሱፍ ነው የሚነድፈው።»

አያ ፈንታ ጥቂት አሰቡበት፤ ሱፍም ብርድ ልብስ ለሚሆነው ለባና ይነደፋል፤ ነገሩ አያስኬድም አይባልም። እኔ ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስዕል አየሁ። በሁለተኛው እንስሳው ወድቆ ብልት ብልቱ ወጥቷል፤ ሰውየው ቢላ ይዟል። በሦስተኛው ደጋኑን በቦርሳው ጎን ሰክቶ፣ ሥጋውን በብረቱና በከረጢቱ መካከል ጠፍሮ፣ አዝሎት ተራራ ይወርዳል። ሰውየው ነዳፊ መሆኑስ ልክ ነው፤ የሚነድፈው እንስሳውን ነው እንጂ!

«አዳኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሥጋውን ከረጢቱ ውስጥ አይከተውም፤ ንፋስ እንዲያገኘው፣ የጀርባው ሙቀትም እንዳይደርስበት ክፍተቱ ላይ ያስረዋል። ዓመቱን ሙሉ ላስጨነቀኝ ነገር መላውን አንድ የማላውቀው ጢማም ሰው አስቀድሞ አስቦልኝ ኖሯል። ደስታዬን አልደብቃችሁም።

ያኔ አያ ፈንታ ዝግ ብለው፣ «የምን ሥጋ ተሸክሞበት ይሆን?» አሉ።

ከርከሮ ቢሆንስ? ያን የተሸከመ ቦርሳ ለመስቀል ሥጋ ይሆናል? ወረቀቱ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ቀንዱ ታየ፣ ደግ፤ ሰኮናው ስንጥቅ ነው ወይስ ድፍን የሚለው ተፈለገ። የስዕሉ ሳር ሰኮናውን ሸፍኖታል! አንዱ ወረቀቱን አጋድሞ ከሳሩ ሥር ለማየት ሞከረ። «ቢሰነጠቅስ፣ ማመስኳቱ በምን ይታወቃል?» ያለም ነበር። እኔ በበኩሌ ወረቀቱ ሳይነሳ ማን ይጠቀምበታል ብዬ ተከራከርኩ። «ሰውየው ሰነፍ ቢሆንስ?» አሉ አያ ፈንታ። በመጨረሻ፣ ቀንድ ያለው ከርከሮ አገር አይቶ አያውቅም ተብሎ በእንዶድ ታጥቦ ይያዝ ተባለ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴም ይህን ታነብባለች።

የመስቀል ዕለት በሬው ገና በማለዳ ታረደ። ጎድኑን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ልክ እንደ ጢማሙ ሰውየ በብረቱና በከረጢቱ መካከል ጠፈርኩት። ከመኪና ወርጄ ሜዳውን ስይዝ ገና ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ጀርባዬ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሥጋው እየተነፈሰ እንደሚሄድ ይሰማኛል።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው።

«ያዘልከው ምንድን ነው?» ይላል የመጀመሪያው። እኔ ደግሞ ተጠይቄ በአጭሩ የምመልስ ሰው አይደለሁም፤ እዚህ ድረስ ያነበባችሁት ምስክሮቼ ናችሁ። አወርዳለሁ፤ ክፍተቱን አሳያለሁ፤ የጢማሙን ሰውየ ታሪክ እተርካለሁ። «ግባና እስቲ ቅመስ» ይባላል፤ መስቀል ነው፣ ይገባል፣ ይቀመሳል። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ለእኔ ቦርሳ ግን ሳይጠይቅ ተነጠፈለት። በየቤቱ ከእኔ ይልቅ እሱ ጥሩ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

መንገዱ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ደግሞ ቄስ ሞገስን አገኘኋቸው፤ የመንደሩ አረጋዊ ካህን ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ይህ ምንድን ነው ልጀ?»

«የአዳኝ ቦርሳ ነው አባ።»

«የማን?»

«የአዳኝ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አዳኝ አንድ ነው ልጀ!»

ለካ ቋንቋችን አውሬ የሚያድነውንና ነፍስ የሚያድነውን በአንድ ቃል ነው የሚጠራ። የዱሩን ነው አባ፣ ባለ ደጋኑን ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክርም ባሰብኝ። እሳቸው የሆነ ባዕድ ነገር ተጠግቶኛል ብለው ስለ ሰጉ፣ ቦርሳውን አስወርደው ጸለዩበት፤ ለእኔም ደገሙልኝ። የቄስ ጸሎት አይቋረጥም። ፀሐይዋ ግን ስንቱን አልፋ ሄደች። ጸሎቱ እንዳበቃ ግማሽ ሩጫ ሮጥኩ። ይህ ጎድን ከሸተተ ለእትየ ላቀች ምን እላታለሁ?

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እትየ ላቀች ደጃፏ ላይ ቆማለች። ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ቦርሳውን አወረድኩ፤ ማሰሪያውን ፈታሁ። አቡጀዲውን ገለጠችና አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ደኅና ነው» አለች።

ጎድኑን ይዛ ገባች፤ ተከተልኳት። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ ውስጡ ሽንኩርት አለ፤ ሽንኩርቱ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ሌላ ሥጋ ግን በቤቱ ውስጥ ባይ ባይ አጣሁ።

«የጎረቤቱ ቅርጫስ፣ እትየ?»

«የምን ቅርጫ?» አለች ድስቱን እያማሰለች። «ይህ ሜዳ ነው። ከዋርካው በዚያ ጀምሮ አንተን ሳይህ ነው የዋልሁ። ከአንዱ ቤት ስትገባ ሽንኩርቱን አወርዳለሁ፤ ስትወጣ እጥዳለሁ። አራት ጊዜ አወረድሁ!»

የምገባበት መሬት አጣሁ።

«አምናም ሥጋውን ያገማው ማዳበሪያው አይደለም፤ ወሬህ ነው። አባየ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ደጀ ላይ ነበር። ቦርሳ አያውቅ። ሰው ግባ ሲለው አንድ ቃል ነበረችው፤ ‹ስመለስ› ይል ነበር።»

«አባየ ቢሆን ኑሮ» ያለቻት ንግግር መጨረሻዋ ይቺ ኖራለች። እኔ ዓመቱን ሙሉ በከረጢት ስፈልጋት የኖርኳት አንዲት ቃል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ያን ማታ እዚያው አደርኩ። ጎድኑ ከጠቆረው ሽንኩርት ጋር ሆኖ ትንሽ መረር ቢልም፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሥጋ አላስታውስም። ጠዋት ልሄድ ስል ቦርሳዬ ከነበረበት የለም። እትየ ላቀች ደጋኗን ከግድግዳው አውርዳ በስዕሉ ላይ የጢማሙ ሰውየ ደጋን በነበረበት ቦታ ሰክታዋለች፤ ጥጧንም ከረጢቱ ውስጥ አድርጋ ቦርሳውን ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። ልክክ ብሏል። ሰልባጅ ሻጯ እናና ከመጀመሪያው ልክ ነበረች።

«ታዲያ ለከርሞ በምን ላመጣልሽ ነው?» አልኳት።

«በእግርህ!»

እሽ ብዬ፣ መርቃኝ፣ ባዶ እጄን ሜዳውን ያዝኩ። ገና ዋርካው ዘንድ ሳልደርስ ከአንድ ደጃፍ ላይ «ኧረ ባለ ቦርሳው! ቦርሳውን ምን አደረግኸው? ና እስቲ ግባና አጫውተን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባቴ ቃል ምላሴ ላይ መጣች፤ ልናገራት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን፣ እየተመለስኩ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ገባሁ።